ውሻችን ሲያስቀምጠው ቀለቡን እንዴት እናስተካክል?

(በራዲዮ የቀረበ ትምህርት)

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ውሻ ነው። ከውሻም ስለ ሆዱ ነው። «ደግሞ ለውሻ ሆድ ትምህርት ያስፈልጋል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አዎን፣ ያስፈልጋል። ውሻ ሌሊቱን ሳይተኛ ደጃችንን ይጠብቃል። በጉንና ጥጃውን ከጅብና ከቀበሮ ይከላከላል። ሲነጋ ደግሞ ልጆቻችን በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ይጸዳዳል። ስለዚህ ውሻው ሲታመም ነገሩ የእሱ ብቻ አይደለም። ለከብቱም፣ ለልጁም፣ ለቤቱም ይተርፋል።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ዛሬ የምንማረው ማንኛውም ሰው በቤቱ ሊያደርገው የሚችለውን ነው። ከቤት አልፎ ሐኪም የሚያስፈልገው የትኛው እንደሆነም ለይተን እናያለን።

ሁለት ነገሮችን ከያዛችሁ ይበቃኛል። አንደኛ፣ የውሻን ቀለብ በድንገት አንለውጥ። ሁለተኛ፣ ጥሬ ሳንባና ጥሬ ጉበት ለውሻ ከቶ አንስጥ። ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

በመጀመሪያ ዓይነ ምድሩን እንይ

ውሻ ሆዴን አመመኝ ብሎ አይናገርም። የሚናገርለት ዓይነ ምድሩ ነው። ስለዚህ ጠዋት ግቢውን ስንጠርግ ዝም ብለን አንለፍ። ትንሽ ቆም ብለን እንመልከት።

የጤነኛ ውሻ ዓይነ ምድር ቅርጽ አለው። ቡና ዓይነት መልክ አለው። በአካፋ ሲያነሡት ይነሣል፤ መሬት ላይም ብዙ አይለጠፍም።

የላላ ከሆነ ቅርጹን አይዝም። እንደ ገንፎ ይሆናል። በጣም ሲብስ እንደ ውሃ ይፈሳል። ይህን ተቅማጥ እንለዋለን።

ሌላም ምልክት አለ። አንዳንዱ ውሻ በቀን ብዙ ጊዜ ያምጣል፤ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። ንፍጥ የመሰለ ነገርም ይታይበታል። ይህ ብዙውን ጊዜ የታመመው ትልቁ አንጀት መሆኑን ያሳያል። ሌላው ውሻ ደግሞ አያምጥም፤ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ይወጣዋል። ይህ ሲቆይበት ሰውነቱ ይከሳል። በዚህ ጊዜ የታመመው ብዙውን ጊዜ ቀጭኑ አንጀት ነው። ወደ ሐኪም የምትሄዱ ከሆነ ይህን ልዩነት ንገሩት። በጣም ይረዳዋል።

ለመሆኑ ለምን ይላላል?

ውሻ የበላው ምግብ በመጀመሪያ ጨጓራው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወደ ቀጭኑ አንጀት ያልፋል። እዚያ ይፈጫል፤ ጠቃሚው ነገር ወደ ደም ይገባል። የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት ይሄዳል። ትልቁ አንጀት ውሃውን መጥጦ ያስቀራል። ዓይነ ምድሩ የሚጠናው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ልብ በሉ። ምግቡ በደንብ ካልተፈጨ ውሃውን ይዞ ይቀራል። እንዲያውም ከሰውነት ተጨማሪ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል። አንጀቱም ተቆጥቶ ምግቡን በጥድፊያ ይገፋዋል። ውሃው ሳይመጠጥ ይወጣል። ዓይነ ምድሩ ላላ የምንለው ይህ ሲሆን ነው።

በአንጀት ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቅ ነፍሳት ይኖራሉ። ሁሉም ጠላት አይደሉም። ብዙዎቹ ምግቡ እንዲፈጭ ያግዛሉ። እነዚህ ረቂቅ ነፍሳት የለመዱት ምግብ አላቸው። እንጀራ የለመደ ሆድ ለእንጀራ የተዘጋጀ ነው። በአንድ ቀን ሌላ ነገር ሲመጣበት ይደናገራል። ለመልመድ ጥቂት ቀናት ይፈልጋል።

ይህን በምሳሌ እንየው። አንድ ቤተሰብ ሁዳዴን ይጾማል እንበል። ጾሙ 55 ቀን ነው። በነዚህ 55 ቀናት ውስጥ ከቤቱ ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም አይወጣም። የቤቱ ውሻ ቡቼ የሚያገኘው የእንጀራ ፍርፋሪና የተረፈ ቂጣ ነው። ሆዱ ያንን ለመደ። ከዚያ ፋሲካ መጣ። በግ ታረደ፤ ዶሮ ተሠራ። ለቡቼ በአንድ ቀን ሞራውም፣ አጥንቱም፣ ጅማቱም፣ የተረፈው ወጥም ተጣለለት። ቡቼም እስኪጠግብ በላ። በማግሥቱ ጠዋት ግቢው ሁሉ ተበላሽቶ ተገኘ።

ሰዎች ያንን አይተው «ቡቼን ዓይን በላው» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ዓይን አልበላውም። ራሱ ቡቼ ከልክ በላይ በልቶ ነው። እኛም ሰጥተነው ነው። ከጾም በኋላ ቅባት ሲበዛበት የሰው ሆድም እኮ ይታወካል። የውሻ ሆድም ሆድ ነው።

በፋሲካ ብቻ አይደለም። በገናም፣ በመስቀልም፣ በዓረፋም፣ በሠርግና በተዝካርም ያው ነው። ድግስ ባለበት ሁሉ የውሻ ቀለብ በድንገት ይለወጣል።

ሆድ የሚያውኩት የትኞቹ ናቸው?

አንደኛው ጮማና ሞራ ነው። ቅባት ሲበዛ በቀላሉ አይፈጭም። አንዳንዴም የውሻውን ቆሽት ያቆስላል። ቆሽቱ የታመመ ውሻ ደጋግሞ ያስመልሰዋል፤ ሆዱንም በጣም ያመዋል። ይህ ሊገድለው ይችላል።

ሁለተኛው ወተትና አጓት ነው። በየቤቱ አይብ ሲወጣ አጓቱ ለውሻ ይደፋል። በወተት ውስጥ የወተት ስኳር አለ። አይቡ ሲለይ ስኳሩ በብዛት የሚቀረው በአጓቱ ውስጥ ነው። ያደገ ውሻ ብዙውን ጊዜ ይህን ስኳር በደንብ መፍጨት አይችልም። ጥቂት አጓት የለመደ ውሻ ምንም ላይሆን ይችላል። በገበቴ ሞልተው ሲያቀርቡለት ግን ያስቀምጠዋል። እያስቀመጠው ላለ ውሻ ደግሞ አጓትም ሆነ ወተት ጨርሶ አይሰጥም።

ሦስተኛው ወጥ ነው። በወጥ ውስጥ በርበሬ አለ፤ በርበሬ አንጀቱን ያስቆጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ጥሬውም፣ የበሰለውም፣ የተፈጨውም ያው ነው። የውሻውን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራል። ጉዳቱ የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ውሻው ይደክማል፤ ድዱ ይነጣል፤ ሽንቱ ይጠቁራል። «የኛ ውሻ ሁልጊዜ ወጥ ይበላል፤ ምንም አልሆነም» ትሉ ይሆናል። ጥቂት ቀምሶ የዳነ ብዙ ነው። ብዙ ሲበላ ግን ያገኘዋል። ስለዚህ ወጥ የነካውን እንጀራ ሳይሆን ደረቁን እንጀራ ስጡት።

አራተኛው የሻገተ ነገር ነው። እንጀራ ሲሻግት «ለውሻ ይሁን» እንላለን። ዱቄት ሲነቅዝና ሲሻግትም እንዲሁ። ሻጋታ መርዝ ሊኖረው ይችላል። ያ መርዝ የውሻውን ጉበት ይጎዳል። ለሰው ያልሆነ ሻጋታ ለውሻም አይሆንም።

አምስተኛው የበሰለ አጥንት ነው፤ በተለይም የዶሮ አጥንት። አጥንት ሲበስል ይደርቃል፤ ሲሰበርም ይሾላል። ጉሮሮ ላይ ሊሰካ፣ አንጀትም ሊበሳ ይችላል።

ስድስተኛው ጥሬ ሊጥ ነው። ሊጥ በሞቀ ሆድ ውስጥ ይኮመጥጣል፤ ይነፋል። የውሻውን ጨጓራ ይወጥረዋል፤ ያሰክረዋልም። ስለዚህ የሊጥ ዕቃችንን እንክደን።

አሁን ምን እናድርግ?

ውሻችሁ ያደገ ነው እንበል። ዓይነ ምድሩ ላልቷል። ነገር ግን ይቆማል፤ ይሄዳል፤ ሲጠሩት ይመጣል፤ ውሃም ይጠጣል። ደምም አልታየበትም። እንዲህ ከሆነ በቤት ውስጥ ልንረዳው እንችላለን። አራት ደረጃዎች አሉ።

አንደኛ ደረጃ፣ ውሃ። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ አጠገቡ ይቀመጥለት። «ውሃ ከጠጣ ይብስበታል» ብሎ መከልከል ትልቅ ጥፋት ነው። የሚያስቀምጠው ውሻ ውሃ እያጣ ነው። የሚገድለውም ብዙ ጊዜ የውሃ ማጣት ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ጠጥቶ የሚያስመልሰው ከሆነ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ቶሎ ቶሎ ስጡት።

ሁለተኛ ደረጃ፣ ዕረፍት። ከልክ በላይ ለበላ ትልቅ ውሻ አንድ ጊዜ የሚበላውን ማስቀረት ይቻላል። ግማሽ ቀን ያህል ሆዱ ያርፋል። ግድ ግን አይደለም፤ ወዲያው ቀላል ምግብ በጥቂቱ መጀመርም ይቻላል። ቡችላ ግን አይጾምም! ቡችላ ሳይበላ ሲቆይ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ያልቅበታል። ይዝለፈለፋል፤ ሊሞትም ይችላል። የከሳና ያረጀ ውሻም እንዲሁ አይጾምም።

ሦስተኛ ደረጃ፣ የሕመም ቀለብ። ይህ ቀለብ ቅባት የሌለው፣ ቅመም የሌለው፣ በደንብ የበሰለ መሆን አለበት። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ሩዝ በብዙ ውሃ እስኪልም ቀቅሉ። ሩዝ ከሌለ ድንች ልጣችሁ ቀቅሉና ፍጩት። ሁለቱም ካልተገኙ ቅቤና በርበሬ የሌለው፣ በደንብ የበሰለ ቀጭን ገንፎ አድርጉ። ለብቻው ደግሞ ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ፣ ወይም ቆዳውና አጥንቱ የወጣለት የዶሮ ሥጋ ቀቅሉ። ከላይ የሚንሳፈፈውን ስብ በማንኪያ ግፈፉት። ሥጋ ከሌለ የተቀቀለ እንቁላል ይሆናል። ጥቂት አይብም ይሆናል፤ አጓቱ በደንብ የተጠለለ፣ ቅቤና ቅመም ያልገባበት መሆን አለበት።

መጠኑ እንዲህ ነው። ሁለት እፍኝ ሩዝ ወይም ድንች፣ አንድ እፍኝ ሥጋ። ጨው አይገባም። ሽንኩርት አይገባም። በርበሬ አይገባም። ዘይትና ቅቤ አይገባም።

ዓይነ ምድሩ ንፍጥ ያለው ከሆነና ውሻው የሚያምጥ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ የተቀቀለ ዱባ ጨምሩበት። ዱባ ጭረት አለው። ጭረት ደግሞ በትልቁ አንጀት ውስጥ ያለውን ውሃ ይይዛል፤ ዓይነ ምድሩም ቅርጽ እንዲይዝ ያግዛል። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ግን ለጊዜው ይቆዩ፤ ሆዱን ይነፉታል።

አሰጣጡም የራሱ ሥርዓት አለው። በአንድ ጊዜ ብዙ አይሰጥም። ቀድሞ በአንድ ጊዜ ይበላ የነበረውን በአራት ክፈሉት። አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ቀትር ላይ፣ አንዱን ከሰዓት በኋላ፣ አንዱን ማታ ስጡት። የታመመ አንጀት ጥቂቱን ይችላል፤ ብዙውን አይችልም። የሠራችሁት ቀለብም አይደር፤ ሙቀት ባለበት አገር ቶሎ ይበላሻል።

ብዙውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ቀን ለውጥ ይታያል። ዓይነ ምድሩ ከጠናም በኋላ ለሁለት ቀን ያህል በዚሁ ቀለብ አቆዩት።

አራተኛ ደረጃ፣ ቀስ ብሎ መመለስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሻው ዳነ ብሎ በማግሥቱ የቀድሞውን ቀለብ ሞልቶ ይሰጠዋል። ውሻውም እንደገና ያስቀምጠዋል። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለዋል። ቀለብም የሚመለሰው ቀስ በቀስ ነው። አንድ ሳምንት ይፈጃል። ቡቼ የሚበላው 4 እፍኝ ነው ብንል አቆጣጠሩ እንዲህ ይሆናል።

1ኛና 2ኛ ቀን፦ 3 እፍኝ የሕመም ቀለብ፣ 1 እፍኝ የዘወትር ቀለብ።
3ኛና 4ኛ ቀን፦ 2 እፍኝ የሕመም ቀለብ፣ 2 እፍኝ የዘወትር ቀለብ።
5ኛና 6ኛ ቀን፦ 1 እፍኝ የሕመም ቀለብ፣ 3 እፍኝ የዘወትር ቀለብ።
7ኛ ቀን፦ 4 እፍኝ የዘወትር ቀለብ።

እስቲ ቁጥሮቹን ደምሯቸው። በየቀኑ ስንት ይመጣል? ሁልጊዜ 4 ነው። መጠኑ አልተለወጠም። የተለወጠው ድርሻው ነው። መካከል ላይ እንደገና ከላላ አትደንግጡ። ወደ ቀደመው ደረጃ መልሱትና ሁለት ቀን ቆዩ።

ይህንን አቆጣጠር ለታመመ ውሻ ብቻ አታድርጉት። ጾም ሲፈታም ያገለግላል። ቡቼ ከፋሲካ ጀምሮ ሥጋ እንዲበላ ከፈለጋችሁ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ብቻ፣ ያውም ጮማ የሌለውንና የበሰለውን ስጡት። ከእንጀራው ጋር ቀላቅሉለት። በየሁለት ቀኑ ጨምሩለት። ሌላ ቤት የለመደ ውሻ ስታመጡም ለጥቂት ቀናት የለመደውን እያበላችሁ የናንተን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

የሕመሙ ቀለብ ግን የዘወትር ቀለብ ሊሆን አይችልም። አጥንትን የሚያጠነክረውና ሌላውም ሰውነት የሚፈልገው ነገር ይጎድለዋል። ስለዚህ ለሳምንታት አትቀጥሉበት።

ቀለብ የማያድነው የትኛው ነው?

አሁን በጣም አስተውሉ። እያንዳንዱ ተቅማጥ ከምግብ አይመጣም። የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ሩዝ ቀቅሎ መጠበቅ አይገባም። ወዲያው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወይም ወደ ቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መሄድ ያስፈልጋል።

ዓይነ ምድሩ ደም ካለበት፣ ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ።
ደጋግሞ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ውሃ እንኳ የማይረጋለት ከሆነ።
ከተኛበት መነሣት ካቃተው።
ሆዱ ከተነፋና ሲነኩት ከጮኸ።
በቤት እየረዳችሁት ሁለት ቀን አልፎ ካልተሻለው።
የሚያስቀምጠው ቡችላ ከሆነ።

ውሃ ማለቁን የምታውቁበት ዘዴ አለ። በትከሻው መካከል ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ሳቡና ልቀቁት። ጤነኛ ከሆነ ቆዳው ወዲያው ይመለሳል። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ወይም ቆሞ ከቀረ ውሃ አልቆበታል። ድዱም ሲነካ እርጥብ መሆን ሲገባው ይደርቃል፤ ይጣበቃል። ነገር ግን ውሻው ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ ከሆነ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ ከሆነ አትንኩት። አፉንም ለመክፈት አትሞክሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ይጠብና በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ስለ ቡችላ ለብቻው ልናገር። ፓርቮ የሚባል የቫይረስ በሽታ አለ። በ1970 ዓ.ም. ግድም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978፣ በዓለም ላይ ታወቀ፤ በጥቂት ጊዜም በየአገሩ ተዛመተ። ቡችላውን ያስመልሰዋል። ዓይነ ምድሩ ውሃ ይሆናል፤ ደም ይቀላቅላል፤ እጅግ ይሸታል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል። ይህን በሽታ ምንም ዓይነት ቀለብ አይፈውሰውም። የሚከላከልለት ክትባት ግን አለ። ክትባቱ በሚገኝበት አካባቢ ያላችሁ ባለሙያውን ጠይቁ።

ቡችላን ሳይጠና ከእናቱ መለየትም ተቅማጥ ያመጣል። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው አትለዩት። የላም ወተት ከውሻ ወተት ጋር አንድ አይደለም። የወተት ስኳሩ ይበዛል፤ ቅባቱና ሰውነት የሚገነባው ነገር ያንሳል።

የሰው መድኃኒትም ለውሻ አትስጡ። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም የምንውጣቸው ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፤ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ከሰው የተረፈ ኪኒን የውሻ መድኃኒት አይደለም።

ትልና ጥሬ የሆድ ዕቃ

የውሻን ሆድ ከሚያላሉት ነገሮች አንዱ ትል ነው። ወስፋት አለ፤ መንጠቆ ትል አለ፤ ሌሎችም አሉ። ትል ያለበት ቡችላ ሆዱ ይነፋል፤ ጎኑ ይከሳል፤ ጠጉሩ ይጎፈራል። ቡችላ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ወስፋት ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ የትል መድኃኒት የሚጀመረው በሁለት ሳምንቱ ነው። ያደገውም ውሻ በየሦስት ወሩ ቢወስድ መልካም ነው። መጠኑ በክብደቱ ልክ ስለሆነ ባለሙያው ይንገራችሁ።

ከሁሉም የሚያስፈራው ትል ግን የውሻውን ሆድ አያላላም። ይህን ልብ በሉ። ዓይነ ምድሩ ስለ ጠና ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ይህ ትል በሳይንስ ስሙ ኤኪኖኮከስ ይባላል። ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። በውሻ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ውሻውን ግን ብዙም አያሳምመውም። አካሄዱ እንዲህ ነው። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ሣር ላይ ይወድቃል። በግ፣ ፍየል ወይም ከብት ከሣሩ ጋር ይበላዋል። በሳንባውና በጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይበቅላል። እንስሳው ሲታረድ ከረጢት ያለበት ሳንባ ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻ ይጣላል። ውሻው ያንን ጥሬውን ሲበላ ትሉ በሆዱ ውስጥ እንደገና ይራባል። እንግዲህ ክቡ ተዘጋ ማለት ነው።

ሰው ከዚህ ክብ ውስጥ የሚገባው በእጁ ነው። እንቁላሉ በውሻው ጠጉር ላይ ይቀራል። በአፈሩና በጎመኑም ላይ ይኖራል። ልጅ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ይበላል። እንቁላሉ ይገባበታል። ከዚያ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ያው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ማደግ ይጀምራል። እድገቱ ቀስ ያለ ነው። ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል። ሲታወቅ ግን ረጅም ሕክምና፣ ብዙ ጊዜም ቀዶ ጥገና ይጠይቃል። ይህ ጥሬ ሥጋ በመብላት ከሚመጣው ኮሶ የተለየ ነው። ከውሻ ዓይነ ምድር የሚመጣ ነው።

ክቡን የምንቆርጠው በዕርድ ቀን ነው። አድርጉ የምላችሁ ይህንን ነው።

ሲታረድ ውሻውን እሰሩት፣ ወይም ዝጉበት።
ሳንባውንና ጉበቱን እዩ። ከረጢት ካለበት ጥሬውን አትጣሉት። ለ30 ደቂቃ ይፍላ፤ ወይም ይቃጠል፤ ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ድንጋይ ይጫንበት። ጥልቀት ከሌለው ውሻ ይቆፍረዋል።
ከረጢት ባይታይበትም ለውሻ የሚሰጥ የሆድ ዕቃ ሁሉ በደንብ ይቀቀል። ከቀቀላችሁትም ጥቂት ብቻ ስጡት፤ ሲበዛ ሆዱን ያላላዋል።
ለኮሶ ዓይነት ትሎች የሚሰጠውን ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት ባለሙያውን ጠይቁ። የወስፋት መድኃኒት ሁሉ ይህን ትል አይገድልም።

ዓይነ ምድሩን የት እናድርገው?

ውሻው ሲያስቀምጠው ግቢው ይበከላል። በእጃችሁ አትንኩት። በአካፋ አንሡት። ከውሃ ጉድጓድና ከጎመን መደብ ራቅ ብላችሁ ቅበሩት። ሳይውል ሳያድር አንሡት። የወስፋት እንቁላል ልጅን ለመያዝ የሚደርሰው አፈር ላይ ሰንብቶ ነው። የኤኪኖኮከስ እንቁላል ግን ወዲያው ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከሠራችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ልጆችም ውሻ ከነኩ በኋላ፣ ምግብ ከመቅረቡም በፊት ይታጠቡ። ባዶ እግራቸውን አይሂዱ፤ የመንጠቆ ትል እጭ በቆዳ በኩል ይገባል። ጎመንና ሰላጣም በንጹሕ ውሃ በደንብ ይታጠብ።

የቡችላ ወስፋት በልጅ ዓይን ላይ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችልም እወቁ። ስለዚህ ቡችላ ያለበት ቤት ከሌላው ይበልጥ ይጠንቀቅ።

ለመድገም ያህል

ውድ አንባቢዎች፣ ትምህርታችንን በአጭሩ እንድገመው። ውሻው ሲያስቀምጠው ውሃ አይከለከል። ቀላል፣ የበሰለ፣ ቅመምና ቅባት የሌለው ቀለብ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው። ሲሻለው በ7 ቀን ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ዘወትር ቀለቡ ይመለስ። ደም ከታየ፣ ካስመለሰው፣ ከደከመ ወይም ቡችላ ከሆነ ወደ ባለሙያ ይወሰድ። ጥሬ ሳንባና ጥሬ ጉበት ከቶ አይሰጠው።

አሁን ደግሞ ይህን ወረቀት ይዛችሁ ከጎረቤት ጋር ተቀመጡ። አንዱ ያንብብ፤ ሌላው ያዳምጥ። ከዚያ በነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. በናንተ ቤት አጓቱ፣ ሞራውና የሻገተው እንጀራ ወዴት ይሄዳል?
2. ቡችላ የማይጾመው ለምንድን ነው?
3. ውሻችሁ የሚበላው 8 እፍኝ ቢሆን በ3ኛው ቀን ስንት እፍኝ የሕመም ቀለብ፣ ስንት እፍኝ የዘወትር ቀለብ ትሰጡታላችሁ?
4. በሚመጣው በዓል ዕርድ ሲኖር ውሻውን የሚያስረው ማን ነው? ጉድጓዱንስ ማን ይቆፍራል?

አራተኛውን ጥያቄ በቃል ብቻ አትመልሱት። የሚያስረውንና የሚቆፍረውን ሰው ስም ጻፉና ግድግዳው ላይ ለጥፉት። መጻፍ ተምራችኋልና በዓሉ ሳይደርስ ዛሬውኑ ጻፉት።